ውሸት ሁሉ ‹ላይ› (lie) አይደለም፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ የማታለል ቃላት ያደረግኩት ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። እናቶች አባቶች፣ ወንድሞች እህቶች፣ ከሥራ በቀጥታ ዩኒፎርማችሁን እንኳን ሳትቀይሩ የመጣችሁም አያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ «ስለ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ንገሪን» አሉኝ፣ ስለ ምን ስላቸው «አንቺ የምታውቂውን» አሉ። እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት አበጥሬ የማውቀው ውሸትን ነው። አትሳቁ እንጂ! አስተርጓሚ ነኝ። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሌላው ያለውን እላለሁ፣ አንድ ሰው በአማርኛ «ዋሸኝ» ባለ ቁጥር በእንግሊዝኛ የትኛውን ቃል ልምረጥለት የሚለው ራስ ምታት የእኔ ነው። እና ከወዲሁ ልናገር፣ ጠበቃ አይደለሁም። ዛሬ የምለውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ፎርም እንዳትሞሉ፣ እኔ የማወራው ስለ ቃላት ነው።

ብዙዎቻችሁ ኤን 400ን ታውቁታላችሁ፣ የዜግነት ማመልከቻውን። እዛ ውስጥ ከነዛ «አድርገህ ታውቃለህ ወይ» እያሉ ከሚያደርቁን ጥያቄዎች መሀል አንዱ እንዲህ ይላል፦ ለአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣን ፎልስ፣ ፍሮጁለንት ወይም ሚስሊዲንግ የሆነ መረጃ ወይም ሰነድ ሰጥተህ ታውቃለህ? ሌላ ደግሞ ለብቻው የቆመ ጥያቄ አለ፦ አሜሪካ ለመግባት ወይ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት ብለህ ባለሥልጣን ዋሽተህ ታውቃለህ? እዚህኛው ላይ ‹ላይድ› ነው የሚለው። እስቲ ቁጠሩልኝ። ፎልስ፣ ፍሮጁለንት፣ ሚስሊዲንግ፣ ላይ። አራት ቃል። በአማርኛ ስንሰማውስ? ውሸት፣ ውሸት፣ ውሸት፣ ውሸት! ልጅየው ቤት ቁጭ ብሎ ለአባቱ ሲሞላለት «ያው ነው አባዬ፣ ኖ በል» ይለዋል። ያው ነው ወይ? ያው ቢሆን ኖሮ አራት ቃል ምን ያደርግለታል መንግሥት?

እንግዲህ ሶስት ጥያቄ ያዙልኝ፣ ማታውን በሙሉ በነሱ ነው የምንሄደው። አንደኛ፣ ተናጋሪው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ ሰሚው አምኗል ወይ? ሶስተኛ፣ በዚህ የተነሳ የተወሰደ ነገር አለ ወይ? እንግሊዝኛ ቃሎቹን የሚለያየው በአብዛኛው በነዚህ ነው።

ፎልስ ቀላሉ ነው። ልክ ያልሆነ ማለት ነው፣ በቃ። ትምህርት ቤት እውነት ወይም ሐሰት ብላችሁ ስትመልሱ ሐሰት የሆነው ዓረፍተ ነገር ማንንም አላታለለም አይደል? ፎልስ ነገር የተናገረ ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ለዚህ የልደት ቀንን የመሰለ ምሳሌ የለም። እስቲ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የትውልድ ቀን ትክክለኛው ያልሆነ... ኧረ ወንድሜ እጅህን አውርድ፣ ቪዲዮ እየተቀረፀ ነው! አንዱ በእኛ አቆጣጠር 1970 የተወለደው እንዳለ 1970 ብሎ ይሞላል፣ በፈረንጅ 1977 ወይ 78 መሆን ነበረበት፣ እንዲሁ ቁጭ ብሎ አረጀ። አንዷ ቀኑን ጭራሽ አታውቀውም፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ጃንዋሪ 1 ብለው ጻፉላት። ይሄ ፎልስ ነው፣ ላይ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄያችን አልተሟላም፣ አላወቀም።

እያወቀ ሲሆንስ? እዚህ ጋ ‹ማቴሪያል› የምትባል ቃል ትገባለች። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ አለ፣ ኩንጊስ የሚባል ከሊትዌኒያ የመጣ ሰው የትውልድ ቀኑንና ቦታውን አሳስቶ ሞልቶ ዜግነት አግኝቶ መንግሥት ዜግነቱን ሊነጥቀው ከሰሰው፣ የተጠረጠረበት ነገርማ ከልደት ቀን በጣም የከበደ ነበር፣ የናዚ ዘመን ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ስለ ልደቱ ሲናገር ውሸት መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የባለሥልጣኑን ውሳኔ ወደ አንድ ወገን የመሳብ ጠባይ ያለው ውሸት መሆን አለበት፣ የቀኑና የቦታው መሳሳት ያንን ማድረጉ አልታየም አለ። ማቴሪያል ማለት ይሄ ነው። ልብሱ ምንድነው ቢሉት ጥቁር ነው ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ቢገኝ ማንም ግድ የለውም፣ አግብተሃል ወይ ሲሉት አላገባሁም ካለ ግን ውሳኔው ራሱ ይቀየራል።

እሺ፣ ላይ። የእኛ ‹ጠረጴዛው ላይ› አይደለም እንግዲህ፣ አንድ ወጣት ክላስ ውስጥ «ጠረጴዛው ዋሸ» ብሎ ሲያስቀን ነበር። ላይ ለመባል ተናጋሪው ማወቅ አለበት፣ የሰሚው ማመን አለማመን ግን ጉዳዩ አይደለም። ዲሲቭ፣ ማታለል ማለት፣ እሱ ደግሞ ሰሚው ካላመነ የለም። ይሄ ከባድ ይመስላል ግን አማርኛችን ውስጥ ራሱ አለ። «ዋሸው ግን አላመነውም» በሉ፣ ይሄዳል። አሁን «አታለለው ግን አላመነውም» በሉ። ይሄዳል? አይሄድም! «ሊያታልለው ሞከረ ግን አላመነውም» ነው የምትሉት። አያችሁ፣ ቃል አጥተን አይደለም። ስንደነግጥ፣ ጠረጴዛ ተሻግሮ ኮት የለበሰ ሰው ሲያፈጥብን፣ ያለንን ቃል ሁሉ ጥለን ዋሸ ውስጥ እንገባለን። የኔ ነገር ዛሬ ይኸው ነው።

እና ደግሞ ላይ ከባድ ቃል ነው፣ ከእኛ ውሸት ይከብዳል። እኛ ደስ ሲለን «ውሸት!» እንላለን፣ «ሙት በለኝ!» እንላለን። አክስቴ እዚህ በመጣች ሰሞን አሜሪካዊቷ ጎረቤቷ ልጄ መንታ ወለደች ብላ አጥር ላይ ቆማ ስትነግራት፣ እሷዬዋ በደስታ እጇን አጨብጭባ «ዩ ላይ!» አለቻት። ሴትዮዋ ክው አለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳያታለች፣ በእልህ! አክስቴ ደግሞ ፎቶውን እያየች «ዩ ላይ! ዩ ላይ!» ትላለች። እኔ ደርሼ ነው የገላገልኳቸው። «ኖ ዌይ» በይ አልኳት፣ እሱ ነው የእኛ ውሸት። እነዚሁ ሁለት ቃላት እኮ ናቸው በሴፕቴምበር 2009 ኦባማ ምክር ቤት ስለ ጤና መድን ሲናገር የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጆ ዊልሰን የጮኸበት፣ «ዩ ላይ!» ብሎ። ማታውኑ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምክር ቤቱ ግን አልለቀቀውም፣ 240 ለ179 በሆነ ድምፅ ድርጊቱን አወገዘ። እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥማ ጓደኛህን ውሸታም ማለት ክልክል ነው፣ ቸርችል በ1906 «ተርሚኖሎጂካል ኢንኤግዛክቲቲዩድ» የሚል ምላስ የሚያስር ነገር ተናግሮ ነበር፣ የቃል አጠቃቀም ጉድለት እንደማለት፣ በኋላ ሰው ‹ላይ› ላለማለት ይጠቀምበት ጀመር። ይሄን ያህል ይፈሩታል ቃሉን።

ታዲያ ኋይት ላይስ? ኧረ ይሄ ጉድ ነው። በእንግሊዝኛ ኋይት ላይ ማለት ጉዳት የሌለው፣ ሰው ላለማስከፋት የሚባል ውሸት ነው፣ ጨው በዝቶበት እንኳን «ወጡ ይጣፍጣል» እንደሚባለው። የእኛ ነጭ ውሸትስ? ዓይን ያወጣ፣ ፊት ለፊት የሚታይ ቅጥፈት! ቃል በቃል አንድ፣ ትርጉሙ ተቃራኒ። እዚህ የተወለደችው የእህቴ ልጅ የመስታወት ብርጭቆ ሰብራ እኔ አይደለሁም ስትል አያቷ «ይሄ ነጭ ውሸት ነው!» ብለው ሲቆጡ ልጅቷ ቀለል አላት፣ ሄዳ ለእናቷ «አያቴ ኋይት ላይ ነው፣ ችግር የለውም አለችኝ» አለች። ትስቃላችሁ፣ ግን አንዲት ሴት ፍርድ ቤት ቀርባ ስለ ባሏ በገዛ እንግሊዝኛዋ «ሂ ቶልድ ሚ ኋይት ላይስ» ብትል ዳኛው ምን ይሰማል? ፀጉርሽ ያምራል ብሎ ዋሸኝ ያለች ይመስለዋል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ሚስሊድ። ሚስሊድ ማለት ወደ ተሳሳተ ነገር መምራት ነው፣ የሚገርመው በእውነት ቃልም ይቻላል። ሳሙኤል ብሮንስተን የሚባል ፊልም ሠሪ ነበር፣ ትልልቅ ፊልም የሚሠራ፣ ድርጅቱ ከሰረና በመሐላ ተጠየቀ። ጠበቃው ስዊዘርላንድ ባንክ ሂሳብ አለህ ወይ ይለዋል። የለኝም። ኖሮህስ ያውቃል? ሲለው «ድርጅቱ ለስድስት ወር ያህል ዙሪክ ሂሳብ ነበረው» አለ። እውነት ነው፣ ድርጅቱ ነበረው። ግን የተጠየቀው ስለ ራሱ ነው! እሱ በግሉ ጄኔቭ ውስጥ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሂሳብ ነበረው። ጠበቃው ደግሞ ዝም ብሎ አለፈው። በኋላ ሲታወቅ በመሐላ ዋሽተሃል፣ ፐርጀሪ ነው ተብሎ ተፈረደበት፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1973 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ነፃ ለቀቁት። ለምን? ያለው ነገር ቃል በቃል እውነት ነው፣ አሳስቷል እንጂ አልዋሸም፣ አጥብቆ መጠየቅ የጠበቃው ሥራ ነበር አሉ። ሚስሊድ አድርጓል፣ ላይ አላደረገም ማለት ነው።

ይቺ ዘዴ ግን አዲስ አይደለችም። የቅዱስ አትናቴዎስን ታሪክ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሙስሊም ወንድሞቼ እህቶቼ እናንተም ስሙልኝ ደስ ይላል። አትናቴዎስ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ፣ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ የላከልን። ቨርጂኒያ ያለችዋ አሌክሳንድሪያ እንዳትመስላችሁ ደግሞ። በሮሙ ንጉሥ ዑልያኖስ ጊዜ ሲያሳድዱት በጀልባ አባይ ወንዝ ላይ ይሸሻል፣ አሳዳጆቹ ከኋላ መጡ። መሸሹን ትቶ ጀልባውን አዙሩት አለና ወደነሱ ቀዘፉ፣ ሲገናኙ «አትናቴዎስን አይታችኋል? ሩቅ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ሩቅ አይደለም፣ ቅርብ ነው» አሏቸው። እነሱም ይፈጥናሉ ወደፊት! ምን ውሸት አለው? አጠገባቸው ነው ያለው! በታሪክ መጽሐፍ የሚተርኩት እንደ ብልሃት ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ይሄን ስንሰማ ደስ ይለናል፣ በቅኔ ያመለጠ ነው የሚመስለን።

ግን ልብ በሉ! አትናቴዎስ ነፍሱን ለማትረፍ ነው፣ ብሮንስተንም የቀረበበት ክስ ፐርጀሪ ስለሆነ ነው ያመለጠው። ኤን 400 ላይ ግን ፎልስ ወይም ሚስሊዲንግ ነው የሚለው። ሚስሊዲንግ ተብሎ በግልፅ ተጽፏል! ቃል በቃል እውነት ነው ብላችሁ በብልሃት የምትገቡባት ቀዳዳ እዛች ቃል ላይ ተደፍናለች። ብዙ ሰው «እኔ አልዋሸሁም፣ ስላልጠየቁኝ ነው ያልነገርኳቸው» ይላል። ላይ ለሚለው ጥያቄ ምናልባት መልስ ነው። ለሚስሊዲንግ ግን መልስ አይሆንም።

እዚህ ጋ ከመስመር ልውጣ፣ ፍቀዱልኝ፣ ሳላወራው የማልሄደው ነገር ስላለ ነው። መርዶ። እኛ ሰው ሲሞትበት ለባለቤቱ ዘለን አንነግርም አይደል? አንድ ጓደኛችን ፓርኪንግ ይሠራል፣ አባቱ ደሴ አረፉ። እኛ ሰማን፣ እሱ አልሰማም። ሰው አሰባስበን ጎህ ሲቀድ ልንነግረው ተስማማን፣ ስልኩ ላይ ከአገር ቤት እንዳይደውሉለት ተነገረ፣ ፌስቡክ ላይ ማንም ነፍስ ይማር እንዳይል ተባለ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ ያን ሩጫ። እኔ የአለቃው ተራ ደረሰኝ፣ ነገ እንዳይጠራውና ሳምንት ፈቃድ እንዲሰጠው ልነግረው ደወልኩ። ሰውየው አዳመጠኝ አዳመጠኝና «ቆይ፣ አባቱ ሞቷል፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሱ አያውቅም፣ አሁን ከኔ ጋር ቆሞ እየሳቀ ነው፣ ሶ ዩ አር ዲሲቪንግ ሂም?» አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? በሶስቱ ጥያቄዎቻችን እንሂድ ካልን እናውቃለን፣ እሱም ሁሉ ደህና ነው ብሎ አምኗል። ዲሲቭ ነው እኮ! ግን ዲሲቭ የሚለው ቃል ይሸታል፣ ክፋት ይሸታል። ሶስተኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚለየው፣ ምን ወሰድንበት? ምንም። ብቻውን፣ መኪና መሀል፣ ዩኒፎርም ለብሶ እንዳይሰማው ነው። ለዚህ እንግሊዝኛ ሌላ ነገር አለው፣ «ኪፕ ፍሮም»፣ ደብቆ ማቆየት፣ ክፋት የሌለበት። «ዊ አር ኪፒንግ ኢት ፍሮም ሂም አንቲል ሂዝ ፒፕል አር ዊዝ ሂም» አልኩት፣ ሰዎቹ አጠገቡ እስኪሆኑ ድረስ። ሰውየው ዝም አለ፣ ከዛ «ኦኬ፣ አይ ጌት ኢት» አለ። ገብቶታል። እንዲያውም ከገባው በላይ ገባው፣ ምክንያቱም ከሰዓት ጓደኛችን ደውሎ ምን ይለኛል፣ «አለቃዬ ነገ ሰው በዝቶብኛል አትምጣ አለኝ፣ ሰዓት ሊቀንስብኝ ነው መሰለኝ»! ፈረንጁ ዲሲቭ አደረጋችሁት ብሎ የወቀሰን ሰውዬ ራሱ ጥርት ያለ ላይ ጨመረበት፣ ለዛውም ያለ ልምምድ።

እሺ ጊዜዬ እያለቀ ነው። ቺት ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቺት ማለት ሕግ ጥሶ ያለ አግባብ መጠቀም ነው፣ ቃል መናገር አያስፈልገውም፣ ፈተና መኮረጅም ካርታ ማጭበርበርም ቺት ነው። ግን ‹ቺት› እና ‹ቺት ኦን› አንድ አይደለም። አንድ ወንድማችን ደሞዙ ላይ ሰዓት ቆርጠውበት ተበሳጭቶ ቢሮ ገባና «ማይ ማናጀር ቺትድ ኦን ሚ» አለ። ማናጀሬ ወሰለተብኝ! ‹ኦን› ገብታ ከኋላዋ ሰው ከተጠራ የትዳር ጉዳይ ነው። ሰዓቱ ተከፍሎታል ግን ቢሮው ውስጥ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያያቸውም።

ፍሮድ ላይ እንቆይ፣ ገንዘብ ያለበት እሱ ስለሆነ። ፍሮድ እንዲባል ሶስቱም ጥያቄ አዎ መሆን አለበት፣ እያወቀ ተናገረ፣ ያኛው አመነ፣ በዛ እምነት ገንዘብ ወይ መብት ተወሰደ። እቁብን ውሰዱ። አንዱ አንደኛ ዙር ደረሰው፣ ወሰደና ሁለት ወር ከፍሎ ጠፋ። እኛ «እቁቡን በልቶ ጠፋ፣ አጭበረበረን» እንላለን። ፍሮድ ነው? ገና ሲገባ ላለመክፈል አስቦ ከሆነ፣ አዎ ነው። ሲገባ ሊከፍል አስቦ ቆይቶ ሥራ አጥቶ ከሆነስ? ቀሽም ነው፣ ባለዕዳ ነው፣ መጥቶ መናገር ነበረበት፣ ፍሮድ ግን አይደለም። ልዩነቱ ቃል በገባባት ቀን ልቡ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ፍሮድ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። የወረቀት ጋብቻም እዚሁ ይገባል፣ ‹ሻም ማሬጅ› ይሉታል፣ ቬሎ አለ፣ ኬክ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሰርተፊኬቱም እውነተኛ ነው፣ ግን ለኢሚግሬሽን ብቻ ከሆነ በሕጉ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው። ኬኩ አያድንም።

‹ኮን› የምትል ቃልም አለች፣ አሳምኖ ማጭበርበር ማለት ናት፣ ታሪኳ ቆንጆ ነው። በ1849 ኒውዮርክ ውስጥ ዊሊያም ቶምሰን የሚባል ጥሩ የለበሰ ሰው መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው እንደ ወዳጅ ሰላም ይልና ትንሽ አጫውቶ «እስከ ነገ ሰዓትህን ብትሰጠኝ የምታምንበት ኮንፊደንስ አለህ?» ይላል። ሰው ያፍራል፣ ይሰጠዋል! በቃ ሰዓት ሄደ። ሲያዝ ጋዜጣው ‹ኮንፊደንስ ማን› አለው፣ አጥሮ ኮን ሆነ። እምነት እኮ ነው ቃሉ። በእኛም ወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ነው፣ አታላይነት ደግሞ ለብቻው 692 ላይ ነው፣ ሕግ አውጪዎቻችንም ለያይተውታል ማለት ነው። ዛሬ ስልክ ደውለው «ከአይ አር ኤስ ነው፣ አሁኑኑ ጊፍት ካርድ ግዢ» የሚሏችሁ ስካመሮች የቶምሰን የልጅ ልጆች ናቸው፣ ለዛውም እሱ ቢያንስ ፊቱን ያሳይ ነበር። አይ አር ኤስ ግብር በጊፍት ካርድ አይቀበልም፣ እማማ ይሰማሉ? ዝጉት ስልኩን።

የመጨረሻዬ ይቺ ናት። ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሩ ስህተት አግኝቶ «ሶ ዩ ላይድ?» ሲላችሁ እኛ አስተዳደጋችን ነው፣ አንገት ሰበር አድርገን «የስ ሰር» እንላለን፣ አክብሮት መስሎን፣ ይቅርታ መጠየቅ መስሎን። ስንቴ አጠገቤ ሆኖ አይቻለሁ! እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ፣ ያላችሁትን ነው የምለው፣ ማረም አልችልም፣ የስ ካላችሁ የስ ነው። ሳታውቁ የሆነ ስህተት ከሆነ ‹ኢንኮሬክት› የምትል ቃል አለች፣ «ኢት ዋዝ ኢንኮሬክት፣ አይ ዲድንት ኖው ዛት ዜን»፣ ልክ አልነበረም፣ ያኔ አላወቅኩም ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ካልሆነላችሁ በአማርኛ «ተሳስቻለሁ» በሉ፣ ዋሽቻለሁ አትበሉ፣ እኔ ‹አይ ሜድ አ ሚስቴክ› እለዋለሁ። እያወቃችሁ ያደረጋችሁት ከሆነ ግን ይቺን ቃል እንዳትነኳት፣ ራሷ ሁለተኛ ‹ላይ›፣ ሁለተኛ ውሸት ትሆናለች፣ እሱን ከኢንተርቪው በፊት ከጠበቃ ጋር ነው የምትጨርሱት።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። ማይኩ እዛ ጋ ነው፣ ጥያቄ ያላችሁ ተሰለፉ፣ የግል ጉዳይ ግን ቪዲዮው ፊት እንዳታወሩ አደራ። ጋሼ እርስዎ ይጀምሩ፣ ቅድም እቁቡ ላይ ሲያጉረመርሙ አይቼዎታለሁ።